የዳርላ ጤነኛ እግር

ዳርላ ቲቦ በአሜሪካዋ ቨርሞንት፣ በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ሃያ ሁለት የበረዶ ወቅት በነፍስ አድንነት ሠርታለች። ስንት ሰው በቃሬዛ አውርደሻል ቢሏት ቁጥሩን አታውቀውም። እግሩ የተሰበረውን፣ ትከሻው የወለቀውን፣ ሚስቱ ፊት እፎክራለሁ ብሎ ዛፍ ያቀፈውን፣ ሁሉንም አውርዳለች። እንዲህ ያለችው ሴት ሐሞቷ ፈሰሰ ቢባል ማን ያምናል? ግን ፈሰሰ። ያወቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ደብቃዋለቻ!

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። በረዶ ላይ የሚንሸራተተውን ባዶ ቃሬዛ ይዛ ስትወርድ እግሯ ላይ ያሰረችው ስኪ ግግር በረዶ ላይ ከዳትና ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ «ቋ!» አለ። ባልደረቦቿ ቃሬዛ ላይ ተጋደሚ ቢሏት «እኔ? ሞቼ ነው!» ብላ በአንድ እግሯ እያነከሰች፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ወረደች። ታች ስትደርስ ጉልበቷ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር። ጅማቱ ተበጥሷል ተባለና ቀዶ ጥገና ተደረገላት።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ዊንስሎ ዘንድ ትመላለሳለች። ዊንስሎ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ የሚሠራ ሽማግሌ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። በየመስከረሙ ተራራው ድረስ ወጥቶ «ልጆች፣ በረዶው ሳይወርድ ስድስት ሳምንት ጭናችሁን አጠንክሩ፤ በአንድ እግር መቆም ተለማመዱ፤ ጉልበት የሚበጠሰው ጭን ሲሰንፍ ነው» እያለ ይለምናቸው ነበር። እነሱ ደግሞ «የኛን ጭን ተራራው ያጠነክረዋል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ዳርላ ነበረች። የእጇን አገኘች።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ተቀመጠች ተነሣች፣ ክብደት ገፋች፣ ላስቲክ ሳበች፣ አለቀሰችም። ጉልበቷ መታጠፉንስ ታጠፈ። ዝለይ ሲሏት ግን ያ «ቋ!» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል። የቤቷን ደረጃ እንኳ ሰው ሳያያት መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ በጎን በጎን ነበር የምትወርደው።

ኅዳር ሲጋመስ ተራራው ሊከፈት ሳምንት ቀረው። ወደ ሥራ ለመመለስ የዊንስሎ ፊርማ ያስፈልጋታል። ያለ ፊርማ ቦታዋ ለሌላ ይሰጥና እሷ ቲኬት መቁረጫው መስኮት ውስጥ ትቀመጣለች። ፈተናው ቀላል ነው፤ በአንድ እግር መዝለል። የታመመችው እግር ከጤነኛዋ ከመቶ ዘጠናውን መዝለል አለባት። ዳርላ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሜትር ዘርግታ ለካች። ጤነኛዋ አምሳ ሁለት ኢንች ዘለለች፤ የታመመችው ሠላሳ ሰባት። አርባ ሰባት መድረስ ነበረባት። በሳምንት ውስጥ ዐሥር ኢንች ከየት ይመጣል?

ጭንቀቷን ለላይል ነገረችው። ላይል ፕሩ አብሯት ሃያ ዓመት የሠራ፣ መቶ ኪሎ የሚመዝን ቀልደኛ ነው። ስኪውን ሰም እየቀባ ሳቀባት።

«አንቺ ሞኝ! የታመመችው ካልረዘመች ጤነኛዋን አሳጥሪያታ። በሷ ስትዘዪ ትንሽ ሰስቺ!»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀጣፊ!» አለችው። ነገሩ ግን ውስጧ ገባ።

በፈተናው ቀን ጤነኛዋ እግር አርባ ኢንች ብቻ ዘለለች። ዊንስሎ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት።

«ይቺን ደግሞ ምን ነካት?»

«ትናንት እንጨት ስፈልጥ ውዬ ነው፤ ደክሟት ይሆናል» አለችው፤ ፊቷ ግን ጋለ።

የታመመችው ሠላሳ ሰባት ዘለለች። ለአርባ ሠላሳ ስድስት ይበቃልና አለፈች። ሽማግሌው ብዕሩን አነሣ።

«ዳርላ፣ ይኼ ወረቀት እኮ ለኔ አይደለም፤ ቃሬዛሽ ላይ ለሚተኛው ነው» አለና ፈረመ።

በዚያ ተራራ ከሕመም የተመለሰ ነፍስ አድን መጀመሪያ የሚያወርደው ባልደረባውን ነው። ተኛለት ተብሎ የሚታዘዝ የለም፤ የሚያምነው ሰው ራሱ ሄዶ ይጋደማል። ተራራው በተከፈተ ቀን ላይል «ባል ፈቺ» የሚሏት ቀጥ ያለች ቁልቁለት አናት ላይ ሄዶ የዳርላ ቃሬዛ ላይ ተዘረጋ። ቀበቶዎቹን አሠረችለት።

«አንቺ፣ ያቺን ቀልዴን አልሠራሽባትም አይደል?» አላት ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

«ዊንስሎ ፈርሞልኛል እኮ!»

«በይ እንግዲህ፣ ነፍሴ በእጅሽ ናት።»

ስኪዋን አጥልቃ፣ የቃሬዛውን ሁለት እጀታዎች ይዛ ከፊት ቆመች። ቃሬዛው ከኋላ ይገፋል፤ የሚይዘው የእሷ ጭን ነው። በቀኝ እግሯ ተደግፋ የዞረችው የመጀመሪያው መታጠፊያ ደህና አለፈ። የግራዋ ተራ ሲደርስ ጉልበቷ ቄጤማ ሆነ። መቶ ኪሎው ከኋላ ተጫናት፤ ዛፎቹ እየቀረቡ መጡ። ላይል ታስሯል፤ ዛፍ ቢገጩ እጁን እንኳ ማንሳት አይችልም። ዳርላ እንደ ምንም ቀኟን ተክላ ቃሬዛውን ወደ ጎን ጠመዘዘችው። ከአንድ ጥድ ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ላይል።

ወደ እሱ ዞረች። «ዋሽቻለሁ፣ ላይል። በጤነኛዋ ሆን ብዬ ሰስቼ ነው የዘለልኩት።»

ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ስድቡ በተሻላት ነበር።

«ፍቺኝ» አላት።

መቆለፊያው በጓንት አልያዝ አላት፤ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ፈታችው። ተነሣና ጥዱን አየው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«አስተማሪሽስ እኔው አይደለሁ?» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ ቃሬዛው ጠቆመ። «በይ፣ ተኚ።»

«በእግሬ እወርዳለሁ።»

«በየትኛው እግርሽ?»

ተኛች። አጥብቆ አሠራት። የሚታያት ሰማይና የላይል ጀርባ ብቻ ነው። በረዶው ከጆሮዋ ሥር ይጮኻል፤ ቃሬዛው ይነጥራል፤ የምትይዘው የለም፤ የምታቆምበት የለም። እንደዚህ ያስፈራል እንዴ? ያን ሁሉ ሰው «አይዞህ፣ ምንም አይደል» እያለች ስታወርድ አንድም ቀን አልገባትም ነበር።

ታች ባልደረቦቿ ሁሉ ሊያጨበጭቡ ተሰልፈው ነበር። ቃሬዛው ላይ እሷን ሲያዩ ደነገጡ። አለቃቸው እየሮጠ መጣ።

«የትኛው እግሯ ነው? ላይል፣ የትኛው ነው?»

ላይል ቀበቶዎቹን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«እግሬ አይደለም» አለች ዳርላ እንደታሰረች። «ፈርቼ ነው። ፊርማውንም ያገኘሁት አታልዬ ነው። ዊንስሎን ጥሩልኝ፤ እናንተ እያያችሁኝ እንደገና ልዝለል።»