በሁለት ዘፈን መካከል የተሰማው ሳል

ያ ሳል የወንድሜ ነበር ወይስ የሌላ ሰው? ያላወጣሁት ያላወረድኩት ነገር የለም፤ ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት እኔንና አያቷን ልትጠይቅ ቢቸና መጥታ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲላት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። በሩቅ አገር ሰው በፈረስና በባቡር ቅርጽ በተሠራ ነገር እየተሳፈረ የሚዞርባቸው ትልልቅ የመዝናኛ ቦታዎች አሉ አለችኝ። እዚያ የሚሰማውን ሙዚቃ እየቀዱ፣ ያምናውን ከዘንድሮው የሚያነጻጽሩ ሰዎች ደግሞ አሉ። እዚህ ጋ ደወል ነበር፣ አሁን የለም፤ ማን አወጣው፣ ለምንስ ወጣ እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። እየሳቀች ነው የምታወራኝ፤ ሥራ ፈቶች መስለዋታል። እኔ አልሳቅሁም። የምለቅመውን ምስር ትቼ ዝናቡን ማየት ጀመርኩ።

ምነው ብላ ብትጠይቀኝ ምንም አልኳት። «ምንም» የምትለው ቃል ዕድሜ ልኬን አገልግላኛለች።

ወንድሜ ይበልጣል ታላቄ ነው። በደርግ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ እኔ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ መደበኛ ትምህርት ቤት የገባሁ ኮረዳ ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም፤ የእኔ ጉልበት ግን ጠረጴዛውን ያነሳው ነበር። «እትዬ፣ ጠረጴዛውን አውርጂልን» እያሉ ይቀልዱብኛል። በዕድሜ የሚመጥኑኝ ሴቶች አግብተው ወልደዋል፤ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ደብተሬን አይተው ያልፋሉ። ከይበልጣል በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም። እሱ ደግሞ ለመናገር የሚቸኩል አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ይስላል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። በሽታ አልነበረም፣ ልማድ ነው። በአገራችን እንዲህ የሚያደርግ ወንድ ብዙ መሆኑን በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ከሄደ በኋላ አንድ ፈቃድ የወጣ ጓደኛው ካሴት ይዞልን መጣ። ያን ጊዜ ወታደሩ ድምፁን በካሴት ቀድቶ መላክ ይወድ ነበር፤ ደብዳቤ ማንበብ የማትችል እናት ራሷ ታዳምጠዋለች። እኛ ቴፕ ስላልነበረን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቤት ሄደን ሰማነው። እናቴ ድምፁን ስትሰማ አልቅሳ አላስደምጥ ትለናለች፤ ልብስ ሰፊው አዝኖ ቴፑን ይዘጋዋል፤ ስትረጋጋ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፈታል። መጨረሻው ድረስ አንድም ቀን አልሰማነውም።

ጓደኛው ሊመለስ ሲል መልስ ላኩ አለን። ባዶ ካሴት ፈለግን፣ በከተማው ጠፋ። መልሱን በዚያው በመጣው ላይ መቅዳት ደግሞ የተለመደ ነበር። ካሴት እንደ ስልቻ ነው፤ ያመጣውን አራግፎ የሚወስደውን ይጭናል። የንስሐ አባታችን ባረኩበት፣ እናቴ ላሚቱ መውለዷን ነገረችው፣ እኔም ከክፍሌ ስንተኛ እንደወጣሁ ተናገርኩ። ድምፃችን በድምፁ ላይ እየተረማመደ መሄዱን ያሰበ አልነበረም። የእሱ ድምፅ ያለበት ጥቂት ብቻ ከመጨረሻው ሳይሞላ ቀረ፤ የምንለው አልቆብን ነው። ካሴቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከይበልጣል ቃል አልመጣም። እናቴ አንድ ቀን ብቻ፣ ጌሾ እየወቀጠች፣ «ድምፁንም በእጃችን ሸኘነው» አለች።

በሚቀጥለው መስከረም፣ በመስቀል ሰሞን፣ ቢቸና ገበያ ላይ ሽክርክሪት ተተከለ። ባለቤቱ ጋሽ ሙላቱ የሚባሉ የደጀን ሰው ናቸው። በአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ማዞሪያ ላይ ረጃጅም እንጨቶች አግድመው፣ የእንጨት ፈረሶች አንጠልጥለው፣ ራሳቸው እየገፉ ያዞሩታል። መሐል ምሰሶው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ቴፕ ታስሯል። ያን መዝናኛ ያላዩ ሰዎች ከጉንደ ወይንና ከመርጡለ ማርያምም መጥተው ነበር። አዋቂ ይሳፈራል፣ ቄስ ቆሞ ያያል፤ የእሸት በቆሎ ጢስና የአደይ አበባ ሽታ ተቀላቅሎ ነበር።

እኔም ተሳፈርኩ። መሐል ላይ ስለሆንኩ ቴፑ ጆሮዬ ሥር ነው። አንድ ዘፈን አለቀ። የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው አጠር አድርጎ ሳለ። ትንፋሹን ሳበ። ሊናገር ነው ስል ክራሩ ገባ።

የፈረሱን አንገት አቅፌ ቀረሁ። ሲያወርዱኝ ድጋሚ እንዲያሳፍሩኝ ለመንኳቸው፤ ጋሽ ሙላቱ ግን የጭነት መኪና እየጠበቃቸው ነበር። «ፈረሶቼ ደከማቸው፣ የኔ እመቤት፤ ሞጣ ላይ ያገኙሻል» ብለው ስቀው ፈረሶቹን ማውረድ ጀመሩ።

ሌሊቱን ያሰብኩትን ያህል በፈተና አላሰብኩም። ካሴቱ የእኛው ከሆነ፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ተሸጧል፣ ዘፈንም ተቀድቶበታል ማለት ነው። ሳሉም እኛ ያልሞላነው፣ ሰምተነው የማናውቀው መጨረሻ ነው፤ ይበልጣልም ቤተሰቡ እንደረሳው እያሰበ ይኖራል፣ ከኖረ። ካሴቱ የእሱ መልስ ከሆነ ደግሞ እኛን ሰምቶናል፣ ሊነግረንም አስቦ ነበር። ወይም የማላውቀው የሌላ እናት ልጅ ነው። ሦስቱም እኩል ይመዝናሉ።

የዚያን ዓመት ሞጣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነው የተማርኩት። ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ ሽክርክሪቱ ደረሰ። ዘይነባ የምትባል የክፍል ጓደኛ አግኝቼ ነበር፤ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ እሷም ሱቅ ስትጠብቅ ኖራ ትምህርት ዘግይታ የጀመረች ናት። ሱቃቸው ውስጥ ቴፕ ስላለ የማታውቀው ዘፈን የለም። ይዣት ሄድኩ። ጎን ለጎን ተሳፈርን። ዘፈኖቹ ያው ናቸው፣ ተራቸውም ያው። የመጨረሻው ዘፈን ሲቃረብ ትንፋሼን ያዝኩ። በቀጥታ ክራሩ ገባ። ሳሉ የለም።

የዘፋኙም ድምፅ ተለውጧል አልኳት፤ ቢቸና ላይ ወፍራም ነበር፣ አሁን ቀጭን ነው።

«ታዲያ በመንገድ ከሳ እንዴ?» አለች ዘይነባ።

ነገሩ ግን ያዛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ሆነ። እሷ በመሐሉ ፈረስ፣ እኔ በዳር፤ እሷ ቆማ፣ እኔ እየዞርኩ። ሩቅ ስንሆን የሚጠፋውን ከበሮ፣ ስንቀርብ የሚጎላውን ማሲንቆ ለየን። የአባቷ ሱቅ ገብተን ያንኑ ዘፈን ከፍተን አስተያየን። ወፍራሙ ድምፅ ምስጢሩ ባትሪ ነበር፤ ቢቸና ላይ ባትሪው ደክሞ ካሴቱ እያዘገመ ነው የዞረው። ጋሽ ሙላቱ አሮጌ ባትሪ ፀሐይ ላይ አስጥተው መልሰው ይጠቀማሉ፤ ሞጣ ላይ ግን አዲስ ገዝተዋል። ዘይነባ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

«ያንን አወቅን፤ ሳሉስ?» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ሳል ደግሞ ዘፈን ሆነ? ሰው ክራሩን ሲሰማ አንቺ ጉንፋኑን ትሰሚያለሽ።»

አልነገርኳትም። ብነግራት ወይ «እሱ ነው» ትለኛለች ወይ «አይደለም» ትለኛለች፤ ሁለቱንም መሸከም አልችልም ነበር። የሙዚቃ ፍቅር የያዘኝ መስሏት ከጎኔ ትዞራለች። እኔም በዚያ ሁሉ ዘፈን መሐል፣ ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ፣ ብቻዬን ነበርኩ።

በመጨረሻ ጋሽ ሙላቱን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ፈረስ ቀለም እየቀቡ ነበር። ካሴቱን ከየት አመጡት ስላቸው፣ ደጀን ላይ ከሾፌሮች በጅምላ የገዙት አሮጌ ካሴት መሆኑን፣ ዘፈን የቀዳላቸውም ሰው በየዘፈኑ መካከል ጥቂት እያሳለፈ ስለሚቀዳ የድሮው ድምፅ እዚህም እዚያም ብቅ እንደሚል ነገሩኝ። ሾፌሮቹ ከየት እንዳገኙት ጠይቀው አያውቁም። ሳሉስ ስላቸው አስታወሱት።

«አዎ፣ የሚስለው ሰውዬ! እሱማ ቀረ። ጉንደ ወይን ላይ ቴፑ የካሴቱን ክር በላብኝ። የተበላሸውን ቆርጬ ጣልኩና በጥፍር ቀለም ቀጠልኩት።»

ክሩን የት ጣሉት አልኳቸው።

«አንዲት ሴትዮ ለወፍ ማባረሪያ ብለው ለመኑኝ። ለማሽላቸው።» ከዚያ ብሩሻቸውን ይዘው ትኩር ብለው አዩኝ። «ምነው፣ ልጄ? ዕዳ አለብሽ እንዴ ከሱ ጋር?»

«ምንም» አልኳቸው።

እናቴ ናፈቀችኝ ብዬ አክስቴን አስፈቀድኩ። ወደ ቢቸና የተሳፈርኩበት ጭነት መኪና ጉንደ ወይን ላይ ለምሳ ሲቆም ሰው ሁሉ ሽሮ ቤት ገባ፤ እኔ በመንገዱ ዳር ወረድኩ። ከገደሉ አፋፍ የሚመጣው ነፋስ ደረቅና ብርቱ ነው። ከጥቂት ማሳ በኋላ አየሁት። ቡናማው ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ፣ ፀሐይ እያብለጨለጨው ይርገበገባል። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት። እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚያሰማው። ነፋሱ ሲበረታ ይጮኻል፣ ሲያርፍ ዝም ይላል። ማንም አይስልም። ይህን አስቀድሜ አውቅ ነበር፤ ግን ቆሜ ጠበቅሁ።

ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው የተቀመጡ ባልቴት ጠሩኝ።

«ምን ጠፋሽ፣ ልጄ?»

«ምንም፣ እማማ። ድምፁን ልስማው ብዬ ነው።»

«እሱ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉኝ፤ ወንጭፋቸውን አነሱ፣ ወፎቹ ከማዶ ብር ብለው ተነሡ።

ልለምናቸው አስቤ ነበር። ግን ምን አደርገዋለሁ? የተጨማደደና ፀሐይ የበላው ክር ነው፤ ማሽላቸውስ? የመኪናው ጡሩንባ ሲጮኽ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እናቴ ስላክስቴ ጤና፣ ስለሞጣ ገበያ፣ ስለመንገዱ ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከሳሉ በቀር።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በመንገዳችን አለፈ። ጫማ የሌለው፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ በዱላ የሚራመድ። እናቴ በገንቦ ውኃ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ ታጠጣ ነበር፤ የእያንዳንዱን ፊት እያየች። ይበልጣል አልመጣም፤ መርዶም አልመጣም። አልቅሰን አልቀበርን፣ ጠብቀን አልተቀበልን። ዘይነባ አግብታ ባሕር ዳር ሄደች። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ፤ ሳላገባ እናቴን ይዤ ቢቸና አለሁ።

የእህቴ ልጅ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ዝናቡ ሁለት ቀን አላባራም። እናቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ይሰማል። ጉልበቷን ጋቢ አልብሼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። አላሰብኩበትም። «እማ፣ ያኔ በመስቀል ገበያ ላይ አንድ ነገር ሰምቼ ነበር» አልኩና ጀመርኩ። ሽክርክሪቱን፣ ካሴቱን፣ ሳሉን፣ የማሽላውን ማሳ ነገርኳት። አልቸኮልኩም፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እያልኩ፣ ምናልባቱን ከምናልባት እየለየሁ፣ የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችልም ደጋግሜ ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝም አላለችኝም። ጋቢዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገችና፣

«ሳሉ የብርድ ነው ወይስ የልማዱ?» አለችኝ።

«የልማዱ ነው» አልኳት።

«እሰይ። ብርዱን ፈርቼለት ነበር።»

ከዚያ ዘንበል ብላ ዝናቡን አዳመጠች። እኔ የይበልጣል ነው ብዬ እንደመለስኩላት ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።