ወንድሜ ለብቻው መቆፈር ሲመርጥ

ወንድሜ ማሽኗን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አቅፎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ፣ በር የከፈተችለት እናቴ ሕፃን ይዞ የመጣ መስሏት ነበር። «የማን ልጅ ነው?» ብላ እጇን ዘረጋች። እሱ ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረውም። አልፏት በረንዳው ላይ አስቀመጣትና ብርድ ልብሱን ገለጠው። ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማትበልጥ፣ ከፊትና ከኋላ ማራገቢያ የተገጠመላት ግራጫ ብረት ናት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻትና ምን እንደምትሠራ ጠየቀች። ወንድሜ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ጠቆመ፤ አስተማሪው ያስረዳሽ ማለቱ ነበር።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እሱ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚጠግንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሱቆቹ መደዳ ሊፈርስ ሲሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሌላ ቦታ ለመከራየት ሲዞር የሚጠየቀው ሁሉ ከአቅሙ በላይ እየሆነበት ወራት አለፉ። በዚያ መሃል ነው ቴሌግራም ላይ ቢትኮይን የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ በማሽን ስለ መቆፈር፣ እነሱ ማይኒንግ ስለሚሉት፣ ከሚያወሩ ሰዎች ጋር የተዋወቀው። ከሱቁ የተረፈውን አውጥቶ ይህችን ያገለገለች ማሽን ገዛ። የሚኖርበት ግቢ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራይዋ አልፈቀዱለትም። እኔና እናቴ የምንኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ግን ለየቤቱ ቆጣሪ አለው። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ፊቱ ፈክቶ ካየሁት ቆይቶ ነበር፣ ያን ቀን ፈክቶ መጣ። ምን ብዬ እምቢ ልበለው?

ማሽኗ ስትነሳ ወፍጮ ቤት የገባን መሰለን። እናቴ ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች። እኔና እሱ የበረንዳውን በር ዘግተን ሳሎን ተቀመጥንና ያነበብኩትን ያህል አስረዳሁት። አንድ ትልቅ የጤፍ ክምር አስብ አልኩት። ውስጡ አንዲት ምልክት ያላት ፍሬ አለች። ዓለም ላይ ያሉ ማሽኖች ሁሉ እሷን ይፈልጋሉ። በየአሥር ደቂቃው ገደማ አንዱ ያገኛትና ሽልማቱን ይወስዳል፤ ከዚያ ሌላ ክምር ይፈስሳል፣ ፍለጋው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ብቻህን ከፈለግህ፣ ሶሎ የሚሉት እሱን ነው፣ ያገኘህ ቀን ሁሉም ያንተ ነው፤ እስከዚያ ግን ባዶ እጅህን ነህ። ፑል ከገባህ ብዙ ሺህ ሰው አብሮህ ይፈልጋል፣ ከመሃላችሁ አንዱ ሲያገኝ ሁሉም ባበጠረው ልክ ይካፈላል፣ ፑሉን የሚያስተዳድረው ደግሞ ለራሱ ትንሽ ይቆርጣል።

«ለጀማሪ የቱ ይሻላል?» አለኝ።

«ፑል» አልኩት። አልተከራከረኝም።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ስልኩ ላይ ከነጥብ በኋላ ብዙ ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ይታያል፤ ከዜሮዎቹ ጫፍ ላይ ያሉት አሃዞች ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እናቴ ከማሽኗ ኋላ የሚወጣው አየር ትኩስ መሆኑን ስታውቅ ገመድ ወጥራ ልብስ ማስጣት ጀመረች። ወንድሜ ማሽኗ አየር ታፍኖባት እንዳትቃጠል ፈርቶ ተቆጣ፤ ቀጥሎ የእኔ ሸሚዝ እየተርገበገበ ሲደርቅ አይቶ ሳቀና ገመዱን ትንሽ ራቅ አድርጎ ራሱ አሰረላት።

ነገር ግን ቁጥሩ ያው ቁጥር ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኗ ትቆማለች፣ እሷ በቆመችበት ሰዓት ሌሎቹ ያበጥራሉ፣ ድርሻችን ያንሳል። የመብራቱ ሂሳብ ሲመጣ ደግሞ ተቀንሶ የሚተርፈው፣ ድሮ የተሰበረ ስክሪን ሲቀይር ከሚያገኘው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። እሱም ቢሆን እጁ አልገባም። ፑሉ የተጠራቀመው የተወሰነ መጠን ካልሞላ አይልክም፤ እኛም ለመሙላት ገና ብዙ ይቀረን ነበር። እኔ ከመጀመሪያውም እንዲህ እንደሚሆን ነግሬው ነበር። ወንድሜን የጎዳው ግን ይኸው ይመስለኛል፤ ልክ እንዳልኩት መሆኑ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ። ሳሎን እንደገባን ስልኩን ዘረጋልኝ። የሆነ አገር ያለ ሰው፣ ከእኛም ባነሰች ማሽን ለብቻው ሲቆፍር ሙሉውን ሽልማት አገኘ ይላል።

እውነት ሊሆን ይችላል አልኩት፤ የሚደርሰው ሰው መኖሩ የታወቀ ነው። ያልደረሳቸው ግን ፎቶ አይለጥፉም። የእኛ ማሽን ብቻዋን ብትተው፣ ፍሬዋን ለማግኘት በአማካይ ሲታሰብ የእኔና የእሱ ዕድሜ ተደምሮም አይበቃትም። ይህንንም አልኩት።

«መቼም ስትሞክር ስትሞክር እየቀረበች ትሄዳለች» አለኝ።

ያኔ ነው ችግሩ የገባኝ። ወንድሜ በሱቁ መደዳ ለዓመታት ዕቁብ የጣለ ሰው ነው። የታገሠ ሰው ተራው ሲደርስ፣ ዘግይቶም ቢሆን ሲደርስ፣ በዓይኑ አይቷል። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ለልጆች ሺህ ጊዜ ያስረዳሁትን ለእሱ ማስረዳት አቃተኝ።

«አትቀርብም» አልኩት። «ዓመት ሙሉ ብትሞክርም የነገ ዕድሏ ያው የዛሬው ነው። እዚህ ተራ የሚባል ነገር የለም።»

በመስኮቱ በኩል ሰንጋ ተራ ላይ የቆሙትን ክሬኖች ሲያይ ቆየና፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ፑሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆንኩ በየቀኑ ይነግረኛል» አለ። «ሶሎ ቢያንስ ዝም ይላል።»

እዚያው ሳሎን ተቀምጦ ማሽኗን ከፑሉ አወጣት። የተጠራቀመችው ትንሽ ነገር ፑሉ ጋ ቀረች።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለእናቴ ነገርናት። ጉርሻዋን ይዛ ቆመች።

«ከሰዎቹ ጋር ተጣላህ እንዴ?» አለችው።

«ማንንም አላውቃቸውም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ትተሃቸው ወጣህ?»

ወንድሜ ሳቀ፤ እሷ ግን የምሯን ነበር። ብቻውን መሥራቱ አላማራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክለ ሃይማኖት ስትሳለም ማሽኗንም በጸሎቷ ታነሳት እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ምን ብላ እንደለመነች አልጠየቅኋትም።

ሶሎ ከተገባ በኋላ የሚታየው ነገር አንድ ብቻ ነበር፣ ዜሮ። ከዜሮው ሥር ግን ማሽኗ እስካሁን የሞከረችው ሁሉ ተመዝኖ ከዒላማው ይበልጥ የቀረበው የቱ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ወንድሜ በዚያች ቁጥር መኖር ጀመረ። ሱቅ ፍለጋ መሄዱን ተወ። ጠዋት መጥቶ የበረንዳው በር አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማራገቢያውን ያጸዳል፣ የመብራት ገመዱ መጋሉን በእጁ ይነካል፣ እንደገና ስልኩን ያያል። ቁጥሯ የተሻሻለች ቀን ምሳ በደንብ ይበላል። ለቀጣዩ ሙከራ ምንም እንደማትረዳ አውቃለሁ፤ እኔም ግን በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል፣ ሰሌዳውን እየጠረግሁ፣ ስልኬ ላይ ማየት ጀመርኩ። ከፍ ብላ ሳያት ልቤ ይዘላል። ይህን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ምን ይሉኝ ነበር?

እናቴ እሱ በሌለበት ጠብቃ ትይዘኝ ነበር።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረው እንጂ።»

«ነግሬዋለሁ እማዬ።»

«እንደገና ንገረዋ።»

እንደገና እነግረዋለሁ። እሱም ጨርሶ ያዳምጠኛል፣ ይስማማል፣ ልክ ነህ ይለኛል፣ ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ቢቆጣኝ፣ ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ማሽኗን እንዳልነቅላት የእኔ አይደለችም። ከቤቴ አውጣልኝ እንዳልለው የሚወስዳት ሌላ ቦታ የለውም። ሥራ ላፈላልግልህ ስለው፣ ቆይ ትንሽ እንያት ይለኛል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ሁለታችንም ያንን ጩኸት ስንሰማ እናመሻለን።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩ። እንዲገቡ ጋበዝኳቸው፣ እምቢ ብለው ደረጃው ላይ ቆሙ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር።

«ልጄ፣ ሥራ ያጣ ልጅ መሆኑን ስለምናውቅ ነው ዝም ያልነው» አሉኝ። «ባለቤቴ ግን ከአልጋ ከዋለች ቆየች። ጩኸቱ ቀን ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው የሚዞረው። ሌላ ቢሆን አልመጣም ነበር።»

ወንድሜ ከኋላዬ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና «ይቅርታ አባባ፣ አሁኑኑ አጠፋታለሁ» አለ። ተመልሶ ሲያጠፋት ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ባቡሩ ሲያልፍ፣ ከታች ልጆች ኳስ ሲመቱ ተሰማ። ሰውዬው ደረጃውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። እኔ ለወራት ማድረግ ያቃተኝን እሳቸው በሁለት ቃል አደረጉት ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልነበረም። ወንድሜ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ማሽኗን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወጣ።

የወሰዳት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጀለሴ የሚለው አንድ ጓደኛው የተከራየው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ሌሎች ማሽኖችም ነበሩ፤ ሁሉም ባንድ የመብራት መስመር ይሠራሉ። የሌሎቹ ፑል ውስጥ ናቸው፣ የእሱ ብቻ ሶሎ። አንዴ ልጠይቀው ሄጄ በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት ፊቴን መታኝ። መስመሩ ይህን ሁሉ ይችላል ወይ ብዬ ስጠይቅ ጓደኛው እስካሁን ችሏል አለኝ። እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ።

ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን እረፍት ሰዓት ላይ ደውሎ «ና እስቲ» ብቻ አለኝ። ስደርስ መጋዘኑ በር ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ገመዱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። ሰው አልተጎዳም። የግቢው ባለቤት ግን ሁሉንም ማሽን ባስቸኳይ አስወጥተው በሩን ቆልፈዋል። ወንድሜን መንገድ ዳር፣ ማሽኗን ሥሩ አድርጎ እንደ በርጩማ ተቀምጦባት አገኘሁት። ሚኒባሶች እያለፉ ረዳቶቹ ይጠሩታል፤ ዕቃ ይዞ ታክሲ የሚጠብቅ መንገደኛ መስሏቸው።

አጠገቡ ቆምኩ። «ፑሉ ላይ ብቆይ ኖሮ ይሄ አይደርስብኝም ነበር?» አለኝ።

አዎ ብዬ ብመልስለት ትንሽ ደስ የሚለኝ መሰለኝ፤ ነገር ግን እውነት አልነበረም። የሌሎቹም ማሽኖች እዚያው መንገድ ላይ ተደርድረዋል።

«ያው ነው» አልኩት። «ገመዱ ፑልና ሶሎ አይለይም።»

ራሱን ነቀነቀ። የተጽናና ይመስላል፤ እኔ ግን ያ ሁሉ ወራት የተከራከርንበት ነገር መጨረሻ ላይ ምንም ለውጥ አለማምጣቱ ከበደኝ።

ማሽኗ መንገድ ላይ ልታድር ስለማትችል ተሸክመን እኔ ቤት መለስናት። አንዴም ሳትበራ አልጋዬ ሥር ቆየች። ወንድሜ ሰንጋ ተራ፣ ሕንፃ ሥር ባለ የሰው ሱቅ ውስጥ ስልክ መጠገን ጀመረ። የእሱ አይደለም፣ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ስለ ሥራው ብዙ አያወራም።

ወንድሜ ማሽኗን ሊሸጣት ሲወስን የገዛችው የፕላስቲክ ዕቃ የምትነግድ ጎልማሳ ሴት ናት። ለዕቃ ማስቀመጫ የያዘችው ቤት የራሱ ቆጣሪ እንዳለው፣ ሰው እንደነገራትና ልትሞክር እንደፈለገች ነገረችን። ወንድሜ ምንም አልደበቃትም። ጩኸቷን፣ ሙቀቷን፣ የመብራቱን ሂሳብ፣ የቀለጠውን ገመድ፣ አንድም ቀን እጁ የገባ ነገር አለመኖሩን ነገራት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ለጀማሪ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀች፤ ወንድሜም እንደ ድሮው ወደ እኔ ጠቆመ።

ባትገቢበት ይሻላል አልኳት መጀመሪያ። እንደማልመልሳት ሳይ ደግሞ፣ ከገባሽ ፑል ነው፣ ትንሽ ቢሆንም ምን እንደምታገኚ ታውቂያለሽ፣ ኪሳራ ከሆነም ቶሎ ታይቶሽ ታቆሚያለሽ፤ ሶሎ ከሆነ ግን እንደማይደርስሽ ቆጥረሽ ግቢ አልኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ለወንድሜ ካስረዳሁት የተሻለ ያስረዳሁ መሰለኝ።

ወደ ወንድሜ ዞረች። «ሶሎ ሞክሮ የደረሰው ሰው ግን አለ አይደል?»

ወንድሜ ትንሽ ዘገየ። «አለ» አላት።

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ማሽኗን ታክሲው ድረስ ሁለታችን ይዘን ወረድን፤ ወንድሜ በመንገድ እንዳትናወጥ ጃኬቱን አጥፎ ሥሯ አደረገላትና በሩን ዘጋው።