የርክበ ካህናት ሮብ

ነቀምቴ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ የሚያስተምሩን ጀርመናዊ ስለ አንድ የአገራቸው የሒሳብ ሊቅ ነገሩን። የሊቁ እናት መጻፍ አያውቁም ነበርና ልጃቸው ስለተወለደበት ቀን የሚያስታውሱት ዕለቱ ሮብ መሆኑን፣ ለዕርገትም ስምንት ቀን መቅረቱን ብቻ ነበር። ልጁ አድጎ የየትኛውንም ዓመት ፋሲካ የሚያወጣ ቀመር ሠራ፤ ልደቱንም በዚያው አገኘ። ክፍሉ በሙሉ ተደነቀ። እኔ አልተደነቅኩም፤ እንደዚያች ያለች እናት ቤት አለችኝ።

የመምህራን ማሠልጠኛው ቅጽ የልደት ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው አይገባም። እኔ እዚያ ካልገባሁ የምገባው ጊምቢ፣ አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ አልቋል።

እናቴን ጠየቅኋት።

«ሮቢ ነው ኢንተሎ፣ የርክበ ካህናት ዕለት» አለች፤ በኦሮምኛዋ ሮብ ነው ልጄ ማለቷ ነው።

ዓመቱ ላይ ክርክር የለም። ርክበ ካህናት ደግሞ ከፋሲካ በሃያ አምስተኛው ቀን ስለሚውል የቀረው የቀመሩ ሥራ ነው። አባቴ የጎጃም መሪጌታ ነው፤ ጾም መቼ እንደሚገባ ከተማው የሚጠይቀው እሱን ነው። እኔ ግን አልጠየቅኩትም። ባሕረ ሐሳብ የጠየቀውን ሰው ከአዳም ጀምሮ ነው የሚያስረዳው፤ እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ በጻፉልን የጀርመኑ ሊቅ ቀመር ሚያዝያ 17 ወጣልኝ። አሥራ ስምንት ሞልቶኛል።

አባቴ ሊፈርም ቅጹን ሲያነብ ቀኑ ላይ ቆመ። በጣቶቹ አንጓ ቆጠረ።

«ይኸ የማን ፋሲካ ነው?»

«የጀርመን፣ አባባ።»

«እንግዲያ የፈረንጅ ነው። አንቺ የተወለድሽው ግንቦት 22 ነው።»

ፈረንጆቹ ብዙውን ዓመት ከኛ ቀድመው ሲፈስኩ እያየሁ፣ ቀመሩ የማንን ፋሲካ እንደሚያወጣ መጠየቅ አልታየኝም። አባቴ ብዕሩን አነሣ፤ ቀኑን ግን አላረመውም። ከዚያ ፈረመ።

በእንቁጣጣሽ እናቴ ለመሸኛዬ ዶሮ ሠራች። አባቴ ሽሮ አስቀርቦ በላ። ፍልሰታ ከተፈታ ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ ከኔ ጋር የፍስክ ማዕድ አልቆርስ ያለ መሰለኝ። እኔም አኮረፍኩ፤ ጉልበቱን ሳልስም ወጣሁ።

እናቴ ነገሩን የነገረችኝ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በአባቴ ተስካር ላይ ነው። ኩርፊያ አልነበረም፤ ጾም ነበር። የንስሐ አባቱ ያዘዙት አይደለም፣ ራሱ ነው ያሰላው። በዓለ ሃምሳ እስኪያልፍ፣ የሰኔውና የፍልሰታው ጾም እስኪፈታ ጠበቀ፤ ከደንበኛው ጾም ጋር እንዳይቀላቀልበት ነው። ከዚያ ሠላሳ አምስት ቀን ጾመ። ከሚያዝያ 17 እስከ ግንቦት 22 ሠላሳ አምስት ቀን ነው።