ስድሳ ምዕራፍ እስከ ካራማራ

ወሬው የደረሰኝ ጋምቤላ ነው። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ እናቴን በስልክ ሳዳምጥ፣ ዘበኛው ሥራ ፈትቶ ዱላውን በደፉ ድንጋይ ላይ ቋ… ቋ… ያደርግ ነበር። «አባትሽን ያን ቀን ካራማራ መንገድ ላይ ያየው ሾፌር ተገኘ አሉ» አለችኝ። «ዳዊቱን እየደገመ ወደ ላይ ይወጣ ነበር አሉ። ብቻውንም አይደለም፤ ከጎኑ ሰው ነበረ።» ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን የሞላው የአባቴ ዱላ ነበር።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ጅጅጋ የገባ የሒሳብ መምህር ሲሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምረን ስለነበር፣ የጥንቱን ርቀት ሁሉ እየመነዘረ በጅጅጋ መሬት ላይ ያነጥፍልን ነበር። አይሁድ በሰንበት እንዲሄዱት የተፈቀደላቸው ሁለት ሺህ ክንድ፣ የሰንበት መንገድ የሚባለው፣ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር። የድንጋይ ውርወራ ደግሞ እስከ ጎረቤታችን ሳፊያ ሱቅ። ጌታችን ከተነሣ በኋላ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት የሄዱባት ኤማሁስ ስድሳ ምዕራፍ ትርቃለች፤ ይህ በእኛ ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥቶ ካራማራ አናት ላይ ያርፋል ይለን ነበር።

እኔ ምዕራፍ ሲባል የማውቀው የመጽሐፉን ነበርና፣ «ስድሳ ምዕራፍ እያነበቡ ነው የሄዱት? እንቅፋት አይመታቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ስቆም አልቀረ፣ «በይ እኛም እንደዚያ እንሂድ» ብሎ፣ በጋው ገብቶ ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሮ ለአንድ ምዕራፍ አንድ የዳዊት መዝሙር፣ ከአንደኛው ጀምሮ በተራ፣ በግዕዝ በቃሉ እየደገመ ወደ ካራማራ ይወስደን ነበር። መዝሙሩና ምዕራፉ እኩል እንዲያልቁ ረጅሙ ሲመጣ እያዘገምን፣ አጭሩ ሲመጣ እየሮጥን እንሄዳለን፤ ሲያልቅ ዱላውን በድንጋይ መትቶ ቁጥሩን ይጠራና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስንመለስ ግን በሚኒባስ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹን በኦሪት ሜትር አሳደግሃቸው!» ትለው ነበር እናቴ። «ነገ ባጃጅ ሲሳፈሩ ‹ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አውርደን› ሊሉ ነው!»

እኛ ኤዶ፣ ማለትም አክስቴ፣ እያልን የምንጠራት ሳፊያም አትምረውም ነበር። «መምህር፣ በከንቱ ትደክማለህ። እኛ ሶማሌዎች አንድ መለኪያ አለን፤ ዋ ዶው! ቅርብ ነው! ቅርብ ነው እያልን ባቢሌ ድረስ በእግርህ እናስኬድሃለን።»

በ2010 የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ግን አባቴ ርቀቶቹን ለሌላ ነገር ይጠቀምባቸው ጀመር። ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ እኛ ስንደርስ ዝም ይል ነበር፤ ሱቆች በጊዜ ይዘጉ ነበር። «ከሰንበት መንገድ እንዳታልፉ» አለን። የካራማራው ጉዞ ቀረ። ሰኔ ሲገባ «ከድንጋይ ውርወራ» አለን፤ ቤተ ክርስቲያን እሱ ብቻ መሄድ ጀመረ። ሐምሌ ላይ ደግሞ «ከበሩ አንድ ክንድ» አለ፤ ወንድሜ ጨዋታ መስሎት በሆዱ ተኝቶ በክንዱ ይለካው ነበር፣ እኔ ግን የአባቴን ፊት አይቼ መሳቅ አቃተኝ። መጨረሻ ላይ እናቴ የቆርቆሮውን በር ስንዝር ታህል ገርበብ አድርጋ በዚያች ክፍተት መንገዱን ታይ ነበር።

አባቴ ለጸሎት በወጣበት አንድ ማለዳ ከከተማው መሀል ጭስ ተነሣ፤ ድንጋይ በጣሪያዎች ላይ ሲወርድ ሰማን። ሳፊያ በጓሮ ገብታ ሶማሌ እንድትመስል የራሷን ሰፊ ሻሽ፣ ጋርባሳሯን፣ እናቴ ራስ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤቷ ወሰደችን። ስልኩ ሲጮኽ ያነሣሁት እኔ ነኝ። «ሳፊያ ታውጣችሁ» አለኝ አባቴ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው የተረጋጋ ነበር። «መንገዱ መሀል ላይ ስለተዘጋ ወደ እናንተ አልደርስም። ከዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በእግሬ እወጣለሁ፤ እናትሽን ኤማሁስ ላይ ጠብቁኝ በያት።» ተቋረጠ።

የሳፊያ ወንድም መኪናውን ሲያስነሣ፣ ከፍርሃቴ የተነሣ የማውቀውን ጠየቅሁ። «ኤዶ፣ ካራማራ ቅርብ ነው አይደል?»

«ሩቅ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ከአፏ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነበር።

ካራማራ አናት ላይ ቆመን ቁልቁል መንገዱን ስናይ ዋልን። በእግሩ የሚመጣ ሰው በታየ ቁጥር እናቴ ትነሣ ነበር፤ ሲቀርብ ሌላ ሰው እየሆነ ትቀመጣለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሳፊያ ወንድም «እህቴ፣ ለልጆቹ ስትይ» ብሎ ለመናትና ወደ ባቢሌ ወረድን። አባቴ አልመጣም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እናቴ ተዝካሩን አላወጣችም፣ መጠበቁንም አልተወችም።

ያኔ ዓለሜ ከስድሳ ምዕራፍ እስከ ስንዝር ስትጠብብ አይቻለሁ። ዛሬ የምኖረው በአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ ስልኬ የሚነግረኝን ኪሎ ሜትር በአባቴ ሒሳብ ስመነዝረው ከሰባት ሺህ ምዕራፍ ያልፋል። ይህን ሁሉ ለክቼ፣ እሱ ያን ቀን የሄደውን ግን መለካት አልቻልሁም።

ስለዚህ ያን ቀን በዚያ መንገድ የነበራችሁ፣ ይልቁንም ከጎኑ የሄድህ ወንድሜ ሆይ፣ ማን እንደሆንህም ሆነ ለምን ዝም እንዳልህ አልጠይቅህም። ግዕዙ ባይገባህም፣ መጨረሻ ከሰማኸው አንዲት ቃል በጆሮህ ቀርታ እንደሆነ ንገረኝ። ስንተኛው መዝሙር እንደሆነ አውቀዋለሁ። መዝሙሩን ወደ ምዕራፍ፣ ምዕራፉንም ወደ መሬት እመልሰውና፣ እናቴን ይዤ ዱላው እስከ ቆመበት ድንጋይ ድረስ እመጣለሁ።