ጢቆ፣ ተራሽ ደረሰ

ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ቦረና፣ አመሻሹ ላይ ከግቢያችን ጀርባ የኩበት እሳት ይነድ ነበር፤ እንደ አያት «አካኮ» የምንላቸው ጎረቤታችን ዋሪዮ ተረት የሚያወሩልን በዚያ ፍም ዳር ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ የሰባት ዓመት ልጅ እመስል ስለነበር የሰፈር ልጆች «ቁራጭ» ይሉኛል። አካኮ ግን «ጢቆ» ነበር የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ ትንሿ ማለት ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ቁልምጫ ይሆናል።

አንድ ምሽት አስተማሪው አባቴ ደብዳቤ ይዞ እሳቱ ዳር መጣ። አንድ ሐኪም አንገቴንና ቁመቴን አይቶ፣ ከጉንጬ ውስጥ ፍቆ መስታወት ላይ የቀባውን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ነበር፤ ደብዳቤው የዚያ መልስ ነው።

«ተርነር ሲንድሮም ይባላል፤ ቁመቷን ያስቀረው እሱ ነው፤ አብሯት የተወለደ ነው» አለ አባቴ፣ ፋኖሱን ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ። «ልቧን፣ ጆሮዋን፣ የደም ግፊቷን ማየት አለባቸው። ባትታመምም በየዓመቱ ምርመራ ያስፈልጋታል። ነገ እዚሁ ሆስፒታል ትቅረብ ብለዋል።»

አካኮ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ምርመራ? ልጅቷ ምን ሰረቀች?»

ለካ ቃሉን የሚያውቁት ከፖሊስ ጣቢያ ኖሯል፤ አንዴ በጠፋ ግመል ሰበብ ሦስት ቀን መርምረዋቸዋል። አባቴ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

«እኔን ይመርምሩ! ጢቆ አትሄድም።»

እናቴም ቀድሞውኑ ስታመነታ ነበርና «እውነታቸውን ነው፣ ደህና ልጅ ምን ሆነች ተብሎ?» አለች። እኔ ግን ልቤን ሊያዳምጡት መሆኑን ከሰማሁ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ቀረሁ ብዬ እንባዬ መጣ።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አካኮ፣ እስቲ አንቱ ንገሩኝ፤ ጉድጓዱ ላይ የውሃ ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ፣ ያልታመመችዋን ላም ለምን ያያል?»

አካኮ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፍሙን ቆሰቆሱና፣ ከዚያው ከጥያቄው ላይ ተረት ጀመሩ። አንዲት ትንሽ ላም ነበረች አሉ፣ ተራዋ ሲደርስ «አልጠማኝም» እያለች የምትደበቅ። አባ ሄሬጋ ግን በስሟ ይጠራታል። አንድ ቀን አፏን ከፍቶ ቢያይ፣ ገና ሳያስላት፣ ጉሮሮዋ ላይ አልቅት ተጣብቋል! ነቅሎ ጣለላት።

ተረቱን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ጢቆ፣ ተራሽ ደረሰ። ነገ እኔው አደርስሻለሁ።»

በማግስቱ ከእሳቸው ፊት ፊት እየሮጥኩ ደረስኩ። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰካልኝ፤ ድም ድም፣ ድም ድም! አካኮም ካልሰማሁ ብለው ጎንበስ አሉና «ያ ዋቃ! ከብቶቹ ውሃ ሸቷቸዋል፣ እየሮጡ ነው!» አሉ። ልቤ ደህና ነበር። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ግን ምንም ሳያመኝ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ።

«አልቅቱ!» ብለው ጮኹ አካኮ፤ ሐኪሙ ግራ ገባው።

ይህን ለባለቤቴ የነገርኩት በተጋባን ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጫማዬን ጠርጎ በር ላይ ያስቀምጥና «ጢቆ፣ ተራሽ ደረሰ» ይለኝ ነበር። «አንተስ?» ስለው «እኔ ምን ሆኜ?» ይላል። አምና ልቡ ቆመ።

ዘንድሮ ቀኑ ሲደርስ ባዶውን በር ትንሽ አየሁት። ከዚያ ጫማዬን ጠረግሁና ጮክ ብዬ ራሴን ጠራሁ። ሐኪሟን ማዳመጫውን ለምኜ ሰማሁ፤ ከብቶቹ ዛሬም ወደ ውሃው እየሮጡ ነው።