ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ

ባለቤቴ በሲባጎ የለካኝ የተኛሁ መስሎት ነው። አዋሽ ላይ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይጋደማል። እኔም ሰሌን ላይ በጎኔ ተጋድሜ ነበር። እግሬ አጠገብ ሲንበረከክ ሰማሁት። ሲባጎውን ከተረከዜ እስከ ዳሌዬ ዘረጋውና ቋጠረው። በሌላኛው እግሬም ደገመው፤ እንደገና ቋጠረ። ዓይኔን አልገለጥኩም። እስከዚያ ቀን ሰውን የሚለኩ ሁለት ባለሙያዎች ብቻ ነበር የማውቀው፤ ልብስ ሰፊና የሬሳ ሣጥን ሠሪ። ልብስ ሰፊ ደግሞ የተኛ ሰው አይለካም።

ተነሥቼ ውሃ ስጠጣ፣ "ምን ስትሠራ ነበር?" አልኩት።

"ምንም። ዝም ብዬ ነው" አለኝ።

ያን ጊዜ እኔ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ በባቡሩ ጋራዥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ቀኝ እግሬ በልጅነቴ በያዘኝ በሽታ ከግራው ያጠረና የሰለለ ነው። ቤታችን ከጣቢያው ጀርባ፣ ትምህርት ቤቱ ከካሚዮኖቹ መንገድ ማዶ ስለነበር በየጠዋቱ ብስክሌቱ ኋላ አስቀምጦ ያደርሰኝ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ከጋራዡ ሠራተኞች አንዱ ምሳ ሊበላ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሌላው ከቤቱ ተወስዶ፣ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ "እዚህ የለም" ተባለች። ባሏ ያልነገራት ሚስት ተጠይቃ የምትናገረው ስለማይኖራት ትድናለች ይባል ነበር። እውነት ሊሆን ይችላል። ያልተነገራት ሚስት በሐሳቧ የምትፈጥረው ግን ሊነገራት ከሚችለው ሁሉ ይብሳል።

መጀመሪያ የመጣው ዲናሞ ነው። የአሰብ መንገድ ሹፌር የሆነ ወዳጁ ሎጊያ ካለ ጋራዥ የአሮጌ ካሚዮን ዲናሞ በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣለት። ቀጥሎ የውሃ ቧንቧ ብረት መጣ። ከዚያ ከወንዙ ዳር አሸዋ አስመጣ፤ በወንፊት ነፍቶ ግቢው ውስጥ አሰጣው። አሸዋ እንደ እህል ሲሰጣ አይቼ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አሁንም "ዝም ብዬ ነው" አለኝ።

መስኮቱ ላይ ደግሞ ከሽቦ ጠምዝዞ የሠራት መዳፍ የምታክል ብስክሌት ነበረች። ውብ ስለነበረች አቧራዋን እየጠረግሁ አስቀምጣታለሁ። ከወሎ መጥታ አጠገባችን ሱቅ የከፈተች ጎረቤታችን አንድ ቀን ስኳር ልታደርስልኝ ገባችና አነሣቻት።

"እታለም፣ ይቺ እኮ የሴት ናት" አለች።

"ብስክሌት ደግሞ ሴትና ወንድ አለው?"

"እንዴ! የወንዱ ከላይ አግድም ብረት አለው። የሴቷ ቀሚስ ለብሳ እንድትወጣበት መሐሉ ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ደሴ ሳለሁ አንዷ የሐኪም ሚስት ነበራት። ወላሂ፣ ባለሽቦው የሚሠራላት ሴት አለች!"

ባለሽቦው የምትለው ባለቤቴን ነው። ቀልዷን ነው፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መንገድ ላይ የማየው ፊት ሳይሆን እግር ሆነ። የጣቢያው ትኬት ቆራጭ፣ የክሊኒኩ ነርስ፣ አዲስ የተቀጠረችው አስተማሪ፤ ሁሉም ሁለት ጤነኛ እግር ነበራቸው። ለእኔ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ሽው አላለብኝም። ፔዳል የሚረግጥ እግር የለኝማ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከመጀመሪያው ይከፋ ነበር። በድብቅ ወረቀት የሚያመላልሱት ሴቶች ልጆች ናቸው ይባላል፤ በር ላይ እምብዛም አይፈተሹምና። ውሽማ ከሆነች እሱን ትወስድብኛለች፤ መልእክተኛ ከሆነች ግን ሁላችንንም ይዛን ትሄዳለች። እንዲህ እያሰብኩ ቤት ስጠርግ መጥረጊያዬ ከአልጋው ሥር ብረት መታ። ጎትቼ አየሁት። ቧንቧ ነው፤ ግራና ቀኙ በእንጨት የተደፈነ፣ ባዶ ቧንቧ ከሚመዝነው በላይ የከበደ። መልሼ ገፋሁትና ዙሪያውን ጠረግሁ። እሱንም አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ፈራሁ።

እሑድ ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ሌላ ተመሳሳይ ቧንቧ እሳቱ ላይ አጋደመ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ፣ እሱም በወናፍ ያናፋል። ብረቱ መቅላት ሲጀምር ዷ! አለ። የምስሩ ሰፌድ ከጭኔ ወደቀ። አንድ ነገር በጆሮዬ አጠገብ ሽው ብሎ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ጠርምሶ አለፈ።

"ያ ረቢ! ገደሉኝ!" አለች ከወዲያ። ቀጥላ፣ "ባለሽቦው፣ በሕይወት አለህ?" አለች።

"አለሁ፣ አለሁ!"

"እንግዲያስ ቆርቆሮዬን ትከፍላለህ!"

አብዮት ጠባቂዎቹ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መሪያቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአብዮቱ በፊት ገበያው ዳር ብስክሌት ያከራይ የነበረ ነው።

"ማነው የተኮሰው?"

"ማንም አልተኮሰም ጓድ" አለ ባለቤቴ። "ብረት ለማጉበጥ አሸዋ ጠቅጥቄበት ነበር። አሸዋ ከሌለበት ይጨፈለቃል። አሸዋው እርጥበት ስለነበረው እንፋሎቱ ውታፉን አስፈንጥሮ ነው።"

"በዚህ ሐሩር እርጥብ አሸዋ!" አለና ወደ ጓዶቹ ዞሮ ሳቀ። "ድፍን አዋሽ ላይ ምራቅ እንኳ መሬት ሳይደርስ ይደርቃል። ፈትሹ!"

ከአልጋው ሥር ያለውን ቧንቧ አወጡት። የያዘው ልጅ ክብደቱ ሲሰማው ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠውና ሦስቱም ወደ በሩ ሸሹ። መሪው ጠመንጃውን ወደ ባለቤቴ አዞረ።

"አንተው ክፈተው።"

ባለቤቴ ውታፉን በፒንሳ ነቀለ። ምንም አልወጣም። ቧንቧውን ዘቀዘቀው፤ አሁንም ምንም። እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ከዚያ በመዶሻ ሁለቴ ሲመታው የሰው ክንድ የሚያህል የተጋገረ አሸዋ ዱብ አለና ወለሉ ላይ ተሰባበረ። መሪው ጎንበስ ብሎ ፈተፈተው፤ አሸተተው።

"እርጥብ ነው" አለ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘወትር ከአሥር ሰዓት በኋላ ግቢው ቀዝቀዝ ብሎ አልጋ እንድናወጣ ውሃ እረጫለሁ፤ አዋሽ ላይ የማይረጭ የለም። የተሰጣውንም አሸዋ አቧራ እንዳያስነሣ እያልኩ በየቀኑ አርሼዋለሁ። ለምን እንደተሰጣ የነገረኝ አልነበረም።

"ውሃውን የረጨሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

መሪው አልሰማኝም። መስኮቱ ላይ ያለችውን የሽቦ ብስክሌት አንሥቶ በጣቶቹ እያዞራት ነበር። ብስክሌት የቀድሞ ሥራው ነበረችና አላሳሳተችውም።

"ይቺ የሴት ናት" አለ። "የሴት ብስክሌት በድብቅ የምትሠራው ለማን ነው? ወረቀት የምታመላልሰዋ ማን ናት?"

ባለቤቴ አየኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሊሰጥ ያሰበውን ስጦታ ሳይጨርሰው የተያዘ ሰው አስተያየት ነው።

"ለእሷ ነው" አለ።

ሦስቱም እግሬን አዩ። አንደኛው ሳቁን መያዝ አልቻለም። "አንካሳ በብስክሌት? ጓድ፣ ይሄ ያሾፍብናል!"

"ጓዲት መምህርት" አለኝ መሪው፣ "ያንቺ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር። አምኜውም አልነበረም።

"ቃል አይበቃኝም። ለሷ መሆኑን የሚያሳይ ምን አለህ?"

ባለቤቴ ከሱሪው ኪስ ሲባጎውን አወጣ። ጫፉ አንድ ነው፤ ቋጠሮው ሁለት። "ልኬቷ ነው" አለ። "አንዱ ቋጠሮ የግራ እግሯ፣ ሌላው የቀኝ እግሯ።"

መሪው ራሱ ሊለካኝ አፈረ። በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ የነበረችውን ጎረቤታችንን ጠራት። ተንበርክካ ጫፉን ተረከዜ ላይ ያዘችና ወደ ላይ ዘረጋችው። በግራዬ ሩቁ ቋጠሮ ዳሌዬ ላይ አረፈ። በቀኜ ቅርቡ አረፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ ግን በአዋሽ ከተማ እንደዚያ የምትለካ ሴት ከእኔ በቀር አልነበረችም።

"አይታችሁ?" አለች ተንበርክካ እንዳለች። "አላህ የለየውን ባለሽቦው ለክቶታል። በሉ አሁን ውጡልን፣ ሴትዮዋ ምስሯ ፈሷል!"

መሪው ሽቦዋን መስኮቱ ላይ መለሳት። "ሲያልቅ መጥቼ አየዋለሁ" ብሎ ወጣ። ማስፈራሪያ ይሁን የአሮጌ ሙያ ናፍቆት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እነሱ ሲሄዱ ምስሬን ከአሸዋው እየለየሁ መልቀም ጀመርኩ። ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጦ መልቀም ያዘ።

"ቦምቡን የሠራሽው አንቺ ነሽ" አለኝ።

"ብትነግረኝ ኖሮ ሌላ ቦታ እረጭ ነበር።"

ከዚያ ነገረኝ። ዲናሞ ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ራሱ ይዞራል። በካሚዮን ባትሪ ጎማውን ያዞረዋል፤ እኔ ፔዳል አልረግጥም። እግሬን ማንሣት እንዳይከብደኝ ብረቱ ወደ ታች ይጎብጣል። በፔዳሉ ፈንታ የእግር ማሳረፊያ ይበየዳል፣ የቀኙ በሁለት ጣት ከፍ ብሎ። ስጠረጥርባቸው የከረምኳቸው ነገሮች ሁሉ የእግሬ መልስ ነበሩ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንዲት ምስር በጣቴ ይዤ ግን አዲስ ነገር ጠረጠርኩ።

"ለምን አስፈለገኝ?" አልኩት። "አንተ ታደርሰኝ የለም?"

"የማላደርስሽ ቀን ቢመጣስ?"

"የት ትሄዳለህ?"

"የትም አልሄድም። ግን ሰው ምሳ ሊበላ ይወጣል..." አለና ተወው።

ብስክሌቷ አለቀች። ጋራዡ ውስጥ በየዳት፤ ከባድና ግትር ነበረች፣ ስትሄድ እንደ ወፍጮ ታጉረመርማለች። ባትሪዋ እየደከመ የካሚዮኖቹ መንገድ ላይ ገትሮኝ ያውቃል፤ ሹፌሮቹ "አስተማሪዋ፣ ነዳጅ እንስጥሽ?" እያሉ ያላግጡብኝ ነበር። አንድ ጠዋት መሪው መንገድ ዳር ቆሞ ሳልፍ አየኝ፤ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ የኋላ ጎማዬን እስክርቅ ድረስ ተመለከተው። ባለቤቴ አልተወሰደም። በየቀኑ ምሳውን በልቶ ተመለሰ። እኔ ግን በዚያች ብስክሌት ላይ በወጣሁ ቁጥር የእሱን መሄድ የምለማመድ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህም ሙሉ በሙሉ ወድጃት አላውቅም።

አሁን የምጽፈው ሰመራ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ነው። ያን ጊዜ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ከሎጊያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ሁለታችን ከሸመገልን በኋላ ልጃችን እዚህ ሥራ ስላገኘች አብረናት መጣን። የጣሪያው ማራገቢያ ማጥፊያ በሩ አጠገብ ነበር፤ ሲበርደኝ ተነሥቶ የሚያጠፋልኝ እሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከምሳ በኋላ ተጋድሜ ሳለሁ ዓይኔን ገልጬ አየሁት። ሲባጎ ይዞ ከአልጋው ራስጌ እስከ ግድግዳው ይለካል። ክንዴን በቀስታ አንሥቶ ጫፉን ጣቴ ላይ አሳረፈና ቋጠረ። ሐኪም ቤት ብቻውን ሄዶ እንደነበረ አላውቅም ነበር። የተነገረውንም አልነገረኝም።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዝም ብዬ ነው" አለ።

ያኔ አወቅሁ። ልጄ በኋላ ሐኪሙ ያለውን ስትነግረኝ አልደነገጥኩም፤ በሲባጎው ሰምቼው ነበር። እሱ የኤሌክትሪኩን ገመድ ስቦ፣ ግድግዳውን ቦርቡሮ፣ እያረፈ ሥራውን ጨረሰ። አሁን እሱ የለም፤ ማጥፊያው ግን ከራስጌዬ ነው፤ ተጋድሜ እጄን ስዘረጋ ጣቴ ልክ እሱ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ እየበረደኝም አልነካውም።