ለረግረጉ ሰው የተቀመጥነው ለቅሶ

እዚህ ዴንማርክ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጎመን እየከተፍኩ ሬዲዮ ስሰማ ከረግረግ ስለወጣ የጥንት ሰው ተወራ። ሽፋሽፍቱ እንኳ አልረገፈም አሉ። ቢላዋውን አስቀምጬ አማተብኩ። ሐሳቤ ያደግኩባት ከተማ አርጆ ገባ።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ጭቃ፣ ሰፈሩ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሲሸት፣ ከከተማው በታች ባለው ረግረግ ቦይ የሚቆፍሩ ሰዎች ሬሳ አገኙ። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ቡና ለቀማ ሄዶ የቀረ ልጅ ነበራቸው፤ ገና ሲያዩት «ፈይሳ ኮ! ፈይሳዬ!» ብለው ወደቁ። ማን ይጠራጠር? ድንኳን ተጣለ፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አብረን ተቀመጥን።

ፖሊስ ሬሳ የሚመረምር ሐኪም አስጠራ። የመጣችው ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ወደ ሬሳው አልሄደችም። መጀመሪያ ድንኳኑ ገብታ አዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ንፍሮ ዘግና በላች። ቆይታ ጠየቀች፦

«አዴ፣ ፈይሳ ተሰብሮ ያውቃል?»

«ቀኝ ክንዱን። ወጌሻ ነው ያሸው።»

ወደ ሬሳው ስትወርድ ቦዩ ዳር አንድ ሽማግሌ «አይ ዶክተር! ለሞተው ሐኪም ከላኩ፣ ለታመምነው መቼ ይልኩ ይሆን?» አሏት።

«አባባ፣ የኔ ታማሚዎች አይነጫነጩም» ብላ አሳቀችን።

ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሬሳውን ባገላበጠች ቁጥር «ይቅርታ» ትለው ነበር። ክንዱ ተሰብሮ አያውቅም። የቦዩንም ግድግዳ አሳየችን፤ የበሰበሰ ሣር በሣር ላይ ተነባብሮ፣ የትም ቦታ አልተቋረጠም።

«ሰሞኑን ሰው ቆፍሮ ቢቀብረው ይሄ ይበጠስ ነበር። ሣሩ ነው በላዩ እየበቀለ እየበሰበሰ የሸፈነው። ውሃው ቆዳውን እንደ ፋቂ አልፍቶ አቆየው እንጂ፣ የአያቶቻችን አያቶች ሳይወለዱ የሞተ ሰው ነው።»

ተመልሳ አዴ ጫልቱን እጃቸውን ያዘቻቸው። «ልጅዎ አይደለም።»

«እንግዲያ የኔው በሕይወት አለ?»

«አለ» ብትል ማን ይከሳት ነበር? ሁላችንም እንድትል ፈልገን ነበር።

«እሱን አላውቅም፣ አዴ። የማውቀው ይሄ ሰው ፈይሳ አለመሆኑን ብቻ ነው።»

አዴ ጫልቱ እጇን ሳሙት። ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ «አላውቅም» ሲል እንደ እሷ የከበረ ግን አላየሁም።

ድንኳኑ ፈረሰ። እኛም ብዙ ሳንቆይ ከአርጆ ወጣን፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልሰማሁም።

በዚያ ድንኳን ውስጥ የነበራችሁ፣ እባካችሁ፣ ፈይሳ ተመልሶ እንደሆነ ንገሩኝ። እስከ ዛሬ ስጸልይ ስሙን የማነሣው ከሕያዋን ጋር ነው። ከሙታን ጋር መሆን ካለበት ጸሎቱን እንዳላጎድልበት።